አሞጽ ላይቭ ገባ

ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ፣ የአረንጓዴ ጥላ ቡና እርሻ ዋና በር ፊት ለፊት፣ አንዲት ጠባብ የሞባይል ቤት አለችኝ። ካርድ እሸጣለሁ፣ ስልክ እጠግናለሁ፣ መብራት ሲጠፋ በሶላር ቻርጅ አደርጋለሁ። እርሻው ውስጥ የሚሆነውን ነገር ከሥራ አስኪያጁ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሰው ስልኩ እስኪሞላ ሲጠብቅ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ያወራል። ስለ አሞጽ የማውቀውም በዚህ መንገድ የሰማሁትን፣ ከራሱ አፍ ያገኘሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው።

አሞጽ የእርሻው የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ኦፕሬተር ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ማሽን አጠገብ የሚውሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጯሂ ይሆናሉ፤ እሱ ግን ሲናገር ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ዋጋ ሲከራከረኝ እንኳ ድምፁ ስለማይሰማኝ ብዙ ጊዜ ሳላስበው እቀንስለታለሁ።

የተወለደው ጌጫ ነው። እናትና አባቱ ተከታትለው ሲሞቱ ገና ትምህርት አልጀመረም ነበር። ታላቅ እህቱ ንጋቷ እጁን ይዛ ከደጋው ወደ ቆላው አወረደችው። የደጋ ሰው ወደዚህ ሲወርድ ወባን ይፈራል፤ ንጋቷም ፈርታ ነበር። ግን ጌጫ ላይ የቀረው መሬት ለአጎቶቻቸው እንጂ ለእነሱ አልሆነም፣ አረንጓዴ ጥላ ደግሞ ለቃሚ ይፈልግ ነበር። ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አስራ ቀይ ቡና እየለቀመች አሳደገችው፤ ቴፒ ድረስ ልካ አሥረኛ ክፍል አስጨረሰችው። ባል አግብታ ነበር። ለንግድ ብሎ ወደ ማጂ ሄዶ በዚያው ቀረ። ስለ እሱ የሚጠይቃት ሰው ካለ ትስቃለች፣ ሌላ ነገር አትመልስም።

ንጋቷ የምትኖረው ሸንበቆ ካምፕ ነው። እርሻው በየአቅጣጫው የተበተኑ የሠራተኛ ካምፖች አሉት፤ ከሁሉም ሩቁ ሸንበቆ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ጫካውና ቡናው በማይለዩበት ቦታ ነው። ደረቅ ሲሆን የቡና መኪና ይገባል። ሲዘንብ ደግሞ፣ እዚህ አገር መቼ ነው የማይዘንበው፣ በእግር ነው። ካምፑ ሁለት ክፍል ያላት ክሊኒክ፣ ሲስተር ፀደንያ የምትባል አንዲት ከሚዛን የመጣች ነርስና በሶላር የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ አለው። ያ ፍሪጅ ለሌላው ሰው ፍሪጅ ነው። ንጋቷ ግን ስኳር አለባት፤ በየቀኑ የምትወጋው ኢንሱሊን የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። በዚህ ሙቀት ውጭ ካደረ ይበላሻል። ስለዚህ ክሊኒኩ ካለ ንጋቷ ሸንበቆ መኖር ትችላለች፤ ክሊኒኩ ከሌለ አትችልም። ቤቷ፣ ጓሮ ያለው እንሰቷ፣ ሥራዋና ጎረቤቶቿ በሙሉ በዚያች ፍሪጅ ላይ ተንጠልጥለዋል ማለት ነው።

አሞጽ ከማሽኑ ሌላ ሁለት ሥራ አለው፤ ሁለቱም ደመወዝ የላቸውም። አንደኛው ቴፒ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያኑ የሚዲያ አገልጋይነት ነው። እሑድ እሑድ ስልኩን በማቆሚያው ላይ ይተክልና ፕሮግራሙን በፌስቡክ ላይቭ ያስተላልፋል። ማቆሚያውን የሸጥኩለት እኔ ነኝ፤ እስካሁን አልተሰበረም፣ ይህን ለማስታወቂያ አይደለም የምለው። ፓስተሩ ስብከቱን ሲጨርስ ወደ ስልኩ ዞር ይልና፣ «በቤታችሁ ሆናችሁ የምትከታተሉን፣ እጃችሁን አንሡ፣ አብረን እንጸልያለን» ይላል። ሰዎቹም የትም ይሁኑ የት ያነሣሉ። አንድ እሑድ አንዲት ደንበኛዬ ከሱቄ ደጅ ተቀምጣ በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ ሌላውን ወደ ላይ ስታነሣ አየሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ባጃጅ የምታስቆም መስሎኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት። የሚጸልይ ሰው እጁን ያነሣል፣ የሚያይለት አምላክ ስለሆነ ካሜራው ወዴት እንደዞረ ግድ የለውም።

ሁለተኛው ሥራው የእርሻው ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊነት ነው። ላይቩን ወደ ማኅበሩ ያመጣውም እሱ ነው። የማኅበሩ ችግር የታወቀ ነው፤ ሠራተኛው በጫካ ውስጥ ተበትኗል። መሪዎቹ ከማኔጅመንቱ ጋር ምን ተባብለው እንደወጡ ሸንበቆ የሚሰማው ከሳምንት በኋላ ነው፣ ያውም ተጣምሞ። አሞጽ ለማኅበሩ የፌስቡክ ገጽ ከፈተና ከየድርድሩ በኋላ ሊቀ መንበሩን ደጃፍ ላይ አቁሞ በቀጥታ ማናገር ጀመረ። ሊቀ መንበሩ ጋሽ አስረስ ናቸው፤ የመጋዘን ሠራተኛ፣ አባታቸው ከሰሜን የመጡ፣ መተዳደሪያ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚያውቁ ሰው። መጀመሪያ ቀን ስልኩን እንደ ኤክስሬይ ማሽን ፈርተው ቀጥ ብለው ቆሙ። ስለ ትርፍ ሰዓት ሥራ ሲናገሩ ከሥር ኮሜንቱ ጎረፈ፤ «አሜን»፣ «ተባረኩ»፣ «አሜን አሜን»። ሲያነቡት ተናደዱ።

«ስለ ትርፍ ሰዓት እያወራሁ አሜን ምንድን ነው?» አሉት።

«ተስማምተናል ማለታቸው ነው ጋሼ» አላቸው አሞጽ።

እውነቱን ነበር። ሰዉ ላይቭን የሚያውቀው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሌላ ምን ብሎ እንደሚመልስ አልተማረም።

ላይቩ ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አልችልም። አንድ ጊዜ የአንዱ ካምፕ የውሃ ታንከር ደርቆ ሴቶቹ ከወንዝ ሲቀዱ ከረሙ። ማመልከቻ ገብቶ ነበር፣ መልስ አልነበረውም። አሞጽ ታንከሩ ሥር ሄዶ ላይቭ ገባ፤ ቧንቧውን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። ንግግር አላደረገም። ሚዛን ያሉ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ ሼር አደረጉት። በማግስቱ የውሃ መኪና መጣ። ከማኔጅመንቱ ደግሞ ማሽኑ ባለበት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ስልክ መያዝ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። አሞጽ ማስታወቂያው ፊት ቆሞ አነበበውና ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ ማሽኑ ሄደ። እኔ ብሆን ቢያንስ እሳደብ ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓመት፣ አዝመራው እየጋመ ባለበት ጊዜ፣ ማኔጅመንቱና ማኅበሩ አዲስ የኅብረት ስምምነት ሲደራደሩ ከረሙና አንድ ሰነድ ይዘው መጡ። ሰነዱ ውስጥ ብዙ አንቀጽ ነበረበት፣ ሰው የያዘው ግን ሁለቱን ነው። አንደኛው፣ ከቴፒ እየተመላለሱ ለሚሠሩ ሠራተኞች ሰርቪስ አውቶቡስ ይቀርባል ይላል። ሌላው፣ የሸንበቆ ካምፕ ክሊኒክ ከዋናው ግቢ ክሊኒክ ጋር «ተጠቃሎ ይጠናከራል» ይላል። ተጠቃሎ ማለት ተዘግቶ ማለት ነው። በቡና መኪና ላይ ቆመው ለዓመታት የተመላለሱ የቴፒ ሰዎች አውቶቡሱን ፈለጉት፣ አልፈርድባቸውም። ሸንበቆን አብዛኞቹ ረግጠውት አያውቁም።

ሰነዱ በጥቅል ነው የሚጸድቀው፤ በጠቅላላ ጉባኤ፣ እጅ በማንሣት። ሸንበቆዎች ሌላ ጊዜ ለጉባኤ በእግራቸው ነበር የሚመጡት። ሳይነጋ ይነሣሉ፣ ወንዙን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሻገራሉ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው አዳራሹ ኋላ ይቀመጣሉ። በዚህኛውም ለመምጣት ተዘጋጅተው ነበር፣ ንጋቷም ጭምር። እግሯ ሥር ግን የማይድን ቁስል አውጥታ ነበር፤ ስኳር ላለበት ሰው የእግር ቁስል ቀልድ አይደለም። አሞጽ ይህን ያውቃል። ከጉባኤው በፊት ደወለላት። ሲደውል ሱቄ ውስጥ ነበር፣ ካርድ እየሞላ።

«እትዬ፣ በዚህ ዝናብ አትምጪ» አላት። «ሌሎቹንም አትምጡ በያቸው። በላይቭ አስተላልፋለሁ። ሲስተር ፀደንያ ጋ ኔትወርክ አለ፣ በረንዳው ላይ ሆናችሁ ተከታተሉ። ሁሉን ነገር ታያላችሁ።»

ከልቡ ነው ያለው። ሊጠቅማት ፈልጎ ነው። እኔም ሰምቼ ጎበዝ ልጅ ነው ብያለሁ።

የጉባኤው ቀን ዝናቡ የጉድ ነበር። እኔ የማኅበሩ አባል ስላልሆንኩ አዳራሽ አልገባሁም፤ ስልኬን ባንኮኒዬ ላይ አቁሜ ላይቩን ስከታተል ዋልኩ፣ ሁለት ሦስት ሰዎችም አብረውኝ ነበሩ። አሞጽ ማቆሚያውን አላመጣም፣ የአዳራሹ ወለል ይንቀጠቀጣል ብሎ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ መሐል ላይ ቆሞ ነበር። የሚታየው መድረኩ ነው፤ ጠረጴዛው፣ ከኋላ የተሰቀለው ባነር፣ የጋሽ አስረስ ፊት። ሰዉ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ስለ ሸንበቆ ክሊኒክ የተናገረ አንድ ሰው ነበር፤ ከአዳራሹ ኋላ ስለሆነ ምን እንዳለ በደንብ አልተሰማም። ስለ አውቶቡሱ የተናገሩት ብዙ ነበሩ።

በመጨረሻ ጋሽ አስረስ፣ «ሰነዱ ይጽደቅ የምትሉ እጃችሁን አንሡ» አሉ። ተቆጠረ። «የምትቃወሙ» አሉ። ያን ጊዜ ቀና ብለው፣ ዓይናቸውን ከዳር እስከ ዳር እያዞሩ፣ በጣታቸው ቆጠሩ። ካሜራው ፊት ለፊታቸው ስለሆነ፣ ከስልኩ በዚህ በኩል ላለ ሰው ቀጥታ እሱን እየቆጠሩት ይመስላል። እኔ ራሴ ባንኮኒዬ ጋ ሆኜ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ሰነዱ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ጭብጨባ ተሰማ። ላይቩ ተዘጋ።

አሞጽ ስልኩን ሊሞላ ወደ ሱቄ ሲመጣ ልብሱ እስኪጨመቅ ረጥቦ ነበር። ፊቱ ጠቁሯል። ተሸነፍን አለኝ፤ ማኅበሩ ውስጥ እየሠራም ለእህቱ ካምፕ ተሸነፍን ማለቱን አስተውያለሁ። ሶኬት ላይ እንደሰካው ስልኩ ጠራ። ንጋቷ ናት። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው፣ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ።

«አሞጽ» አለችው፣ «ተሸነፍን ማለት ነው?»

«አዎ እትዬ። በትንሽ ነው።»

«በትንሽ እንዴት ይሆናል? እኛ እኮ ሁላችንም አንሥተናል። እማማ ዘነበች እንኳ ክንዷን እያመማት በሌላው እጇ ደግፋ አንሥታለች። ቆጥረው እስኪጨርሱ አላወረድንም።»

አሞጽ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«አላየኸንም እንዴ?» አለችው።

ቀስ ብሎ ነው የገባው፤ ለእኔም እንደዚያው። ሸንበቆዎች፣ አንድም ሰው ሳይቀር፣ በክሊኒኩ በረንዳ ላይ የነርሷን ስልክ ከበው፣ ጋሽ አስረስ «የምትቃወሙ» ሲሉ እጃቸውን አንሥተዋል። ሲስተር ፀደንያ ስልኳን ትታላቸው ውስጥ ታካሚ ላይ ነበረች፤ አጠገባቸው ብትሆን ኖሮ ምናልባት ትነግራቸው ነበር። እነሱ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ላይቭ እንደሚያደርጉት አደረጉ። እጃቸውን ካነሡ የሚያይ አለ ብለው አመኑ። ሊቀ መንበሩ ዓይናቸውን ሲያዞሩ ደግሞ እየቆጠሯቸው መሰላቸው። ብልጫው ከነዚያ እጆች ያነሰ ነበር።

«አይታይም እትዬ» አላት በመጨረሻ። «እናንተ ታያላችሁ እንጂ እኛ አናያችሁም።»

«እንግዲያው ለምን አትምጡ አልከን?» አለችው። አልተቆጣችም። የጠየቀችው ነገሩ እንዲገባት ፈልጋ ነበር፣ ያ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። ከዚያ ኔትወርኩ ቆረጠው።

እኔ ግን ተናደድኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጉዳዩ የእኔ አልነበረም። «አንተስ? አንተ እንኳ እጅህን አነሣህ?» አልኩት።

«ስልኩን ይዤ ነበር» አለኝ።

ሁለቱንም እጆቹን አየ፤ ማቆሚያ ሆኖ እንደዋለ ያን ጊዜ ነው የገባው። የእህቱ ክሊኒክ እንዲዘጋ ሲወሰን ድምፅ ካልሰጡት አንዱ ራሱ ነው። ሻይ አዘዝኩለት፣ አልጠጣውም።

በማግስቱ ጋሽ አስረስ ጋ ሄደ። ድምፅ አንዴ ተሰጥቷል አሉት፤ በአዳራሹ ያልተገኘ ሰው እጅ እንደማይቆጠር ደንቡ ግልጽ ነው። አሞጽ ደንቡን አልተከራከረም። ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ፣ ሰዎቹ ሊመጡ ተነሥተው እንዳይመጡ ያደረጋቸው እሱ እንደሆነ ነገራቸው። ሽማግሌው ተቆጡ፤ «አንተ ልጅ፣ የማኅበር ጸሐፊ ሆነህ ሰው ከጉባኤ ታስቀራለህ?» አሉት። ጸሐፊነቱን እነጥቅሃለሁም አሉት። ግን ቁጣቸው በረድ ሲል ያንኑ ደንብ ራሳቸው ጠቀሱለት። በቂ ቁጥር ያላቸው አባላት ከጠየቁ አስቸኳይ ጉባኤ መጥራት ግዴታ ነው፤ ስምምነቱ ደግሞ ገና አልተፈረመም። ደንብ አክባሪ ሰው ጥሩነቱ ይህ ነው፤ ሲቆጣም ደንቡን አይደብቅብህም።

በዚያው ቀን ከሥራ ሲወጣ አሞጽ ሱቄ ደጅ ቆሞ ላይቭ ገባ። ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ራሱ አዞረ። ድምፁ እንደ ልማዱ አይሰማም ነበር፤ ተመልካቹ ሁሉ በኮሜንት «ድምፅ»፣ «ድምፅ» ይላል። ጮክ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም፣ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋው። ሸንበቆዎች እጃቸውን እንዳነሡ፣ እንዳልተቆጠሩ፣ ያስቀራቸው እሱ እንደሆነ፣ እሱም ራሱ ድምፅ እንዳልሰጠ ተናገረ። ጉባኤው እንደገና እንዲጠራ ከእኛ ጋር ጠይቁ አለ። ከዚያ ምን እንደሚጨምር ስላላወቀ አጠፋው። ኮሜንቱ ውስጥ አሜን የሚል ሰው አልነበረም። ስድብ ነበር፣ «አውቶቡሳችንን ልታስቀሩብን ነው» የሚልም ነበር። እንጠይቃለን የሚሉትም ብዙ ነበሩ፤ ከቴፒዎቹ ሳይቀር።

ጉባኤው ተጠራ። አሞጽ አንድ ሐሳብ ነበረው፤ ሸንበቆ ሄዶ ክሊኒኩን፣ ፍሪጁን፣ መርፌውን በላይቭ ማሳየት። ንጋቷ እንቢ አለችው። «የእኔን በሽታ ለአገር አታሳይ። ለማኝ አይደለሁም» አለችው። በእኔ አመለካከት ትክክል ነች። እሱም አልተከራከራትም። ይልቅ ሌላ ጠየቃት፤ መንገዱን ባሳይስ? መንገዱ የእኔ አይደለም፣ ያሻህን አድርግ አለችው።

ስለዚህ በጉባኤው ዋዜማ ሸንበቆ አደረ። ሲነጋ ከካምፑ ሰዎች ጋር ተነሣ፣ ከክሊኒኩ በር ላይ ላይቩን ከፈተ፣ ጉዞ ጀመሩ። ንጋቷ አልሄደችም፤ ቁስሉ አልዳነም፣ ሲስተር ፀደንያም ከልክላታለች። ነገሩ ከማንም በላይ የሚመለከታት ሰው በረንዳው ላይ ቀረች።

እኔ ያን ቀን ያየሁትን ለማስረዳት ይቸግረኛል፤ ምክንያቱም ምንም አይታይም ነበር። የሰው ጀርባ። ጭቃ። ቅጠል ላይ የሚወርድ ውሃ። አሞጽ አይናገርም፣ ሰዎቹም አይናገሩም፤ አንዳንዴ አንዱ አንዱን ያዝ አድርጎ ያሻግራል። ሱቄ ግን ሞላ። ከዚያ አንድ ኮረብታ ሥር ሲደርሱ ኔትወርኩ ጠፋ። አንድ የቴፒ ሠራተኛ፣ አውቶቡሱን ከሁሉም በላይ ሲፈልግ የከረመ ይርዳው የሚባል ሰው፣ ስልኬን አንሥቶ መታ መታ አደረገው።

«ደርሰዋል ማለት ነው?» አለ።

«የት ይደርሳሉ፣ ገና ወንዙ ጋ አልደረሱም» አልኩት።

ላይቩ ተመልሶ ሲመጣ ወንዙ ውስጥ ነበሩ። ውሃው እስከ ጭን ይደርሳል፤ እማማ ዘነበችን ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ይዘዋታል። ጠፋ እንደገና። መጣ። መንገዱ አላለቀም። ይርዳው በመሐል ቁርሱን በልቶ መጣ፤ መንገዱ አሁንም አላለቀም። «የታመመ ሰው በዚህ ነው የሚያመጡት?» ብሎ ጠየቀ፣ ማንንም ሳያይ። ሁላችንም እያየን ነበርና መልስ አያስፈልገውም ነበር።

በእርሻው በር ሲገቡ ከስልኩም ከበሩም አየናቸው። ይርዳው ተነሥቶ ከኋላቸው ወደ አዳራሹ ሄደ። እኔ እንደ ወትሮው ባንኮኒዬ ጋ ቀረሁ። ጋሽ አስረስ ሰነዱን አስረዱ፤ ምርጫው አሁን ሁለት ነው አሉ፤ እንዳለ ይጽደቅ፣ ወይም የክሊኒኩ አንቀጽ ወጥቶ ቀሪው ይጽደቅ። «እንግዲህ ወደ ድምፅ እንሂድ» አሉ።

ልክ ያን ጊዜ ላይቩ ጠፋ። ኔትወርክ መስሎኝ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ወጥቼ ገባሁ፣ «ቀጥታ ሥርጭቱ ተጠናቋል» ይላል። ተሳደብኩ፤ ይህን ያህል ሰዓት ከጭቃው ጋር አብሮ ተጉዞ መጨረሻውን አለማየት ያናድዳል። ሸንበቆ በረንዳ ላይ ያለችው ንጋቷ ምን እንደተሰማት መገመት አያቅተኝም።

ውጤቱን እኔ የሰማሁት ሰዎቹ ከአዳራሹ ሲወጡ ነው። አንቀጹ ወጣ። ሰፊ ድምፅ ነበር ብለውኛል፤ ይርዳውም እጁን አንሥቷል፣ ራሱ ነው የነገረኝ። ማኔጅመንቱም አዝመራው መሐል ጭቅጭቅ አልፈለገም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያለዚያ አንቀጽ ፈረመ። አውቶቡሱም መጥቷል፤ መስኮቱ አይዘጋም እንጂ።

አሞጽ ያን ቀን ሱቄ አልመጣም። ከሸንበቆዎች ጋር ያንኑ መንገድ ተመልሶ ሄደ። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ንጋቷ ናት፤ እግሯ ሲድን ለስልኳ ባትሪ ልትገዛ መጥታ።

ከቀትር በኋላ ነው የደረሱት፤ በስልክ ሊነግራት ሞክሮ ኔትወርክ አልያዘለትም ነበር። በረንዳው ላይ፣ ሲተዋት በተቀመጠችበት ቦታ አገኛት። አጠገቧ ደርሶ ክሊኒኩ አይዘጋም አላት። አለቀሰች፤ ለእኔም ስትነግረኝ አልደበቀችኝም። ዕንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ ነው የተቆጣችው።

«ስልኩ ድርግም ሲልብኝ ልቤ ሊቆም ነበር» አለችው። «እስከዚያ ድረስ አሳይተህ ለምን አጠፋኸው?»

«እጄን ላነሣ ነው እትዬ» አላት።

ከዚያ ጭቃ ልብሱን አስወለቀችውና አጠበችለት።